ቀለሁን አትጣል፦ ስለ ውጅግራ ጥይት፣ ስለ ወለጋ ወርቅና ስለ 1928 ክረምት

ነቀምቴ ዘመድ ቤት ቡና እየጠጣን ሳለ፣ ቁም ሳጥኑ ላይ የቆመች አንዲት የናስ ቀለህ ዓይኔን ሳበችው። ርዝመቷ ጣት ታህላለች፤ አፏ ጠርዙ ተበልቷል። ቤተሰቡ መርፌ ያስቀምጥባታል። አካኮ አንስተው ሰጡኝና «የውጅግራ ናት» አሉ። ገልብጬ ታቿን ሳየው አንድ ጊዜ ብቻ የተመታ ብረት አይመስልም፤ ተወግቶ፣ ተነቅሎ፣ እንደገና ተወግቷል። «ስንት ጊዜ ተተኩሶባታል?» ብዬ ጠየቅሁ። ሳቁብኝ። «እስክትቀደድ ነዋ! ያኔ ቀለህ የሚጥል ሰው ነበር እንዴ?»

ይህቺን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ያቺ መልስ ናት።

የጦርነት ታሪካችን ጠመንጃ መቁጠር ይወዳል። እገሌ ይህን ያህል ሺህ ነፍጥ አሰለፈ፣ እገሌ ይህን ያህል ማረከ እንላለን። ለእያንዳንዱ ጠመንጃ ስንት ጥይት ነበረው፣ ጥይቱስ ሲያልቅ ከየት ይመጣ ነበር የሚለውን ግን እምብዛም አንጠይቅም። ጠመንጃ አንዴ ይገዛል፤ ከአባት ለልጅም ያልፋል። ጥይት ግን በየጊዜው የሚገዛ ነው። ስለዚህ አቅሙ አነስተኛ የሆነ ሰው የሚመርጠው ጠመንጃውን ሳይሆን ጥይቱን ነው። የትኛው ጥይት ይገኛል? የትኛው ይረክሳል? የትኛውስ ተተኩሶ ተመልሶ ይሞላል? የምዕራቡ አገራችን የመሣሪያ ታሪክ በእነዚህ ጥያቄዎች ሲታይ ሌላ መልክ አለው።

መጀመሪያ ስለ ስሞቹ። «ውጅግራ» የፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» በእኛ አፍ ሲጠራ ነው፤ «የግራ ጠመንጃ» ማለት ነው፤ ግራ የሠሪው መኮንን ስም ነው። «ሰናድር» የእንግሊዙ ስናይደር ነው። «ምንሽር» ከማንሊኸር መጣ፣ «ቤልጅግ» ከቤልጅየም፣ «መትረየስ» ደግሞ ከፈረንሳይኛው ሚትራዬዝ። የመሣሪያ ቃላታችን የወደብ መዝገብ ይመስላል። በኦሮምኛ ጥይት «ራሳሳ» ይባላል፤ ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን እዚያ ትርጉሙ እርሳስ ነው፤ የአማርኛው «እርሳስ»ም የዚያው ዘመድ ነው። ነቀምቴ ገበያ «ራሳሳ» የሚል ሰውና ትምህርት ቤት እርሳሱን የሚቀርጽ ልጅ አንድ ቃል እየተጋሩ መሆናቸውን አያውቁም።

በ1860ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ አፄ ዮሐንስ ጉንደትና ጉራ ላይ ግብፆችን ሲያሸንፉ ብዙ ሬሚንግተን ጠመንጃ ተማረከ። ድሉ ትልቅ ነው፤ ግን የሬሚንግተን ጥይት ለስናይደር አይሆንም፣ የስናይደሩም ለውጅግራ አይሆንም። ያኔ አንድ የጦር አለቃ ሥር በተሰለፉ ወታደሮች ዘንድ አራት አምስት ዓይነት ጠመንጃ ማግኘት የተለመደ ነበር። የአንዱ ጥይት ያለቀበት ከጎረቤቱ ዝናር ሊበደር አይችልም። ጥይት ያጣ ጠመንጃ ዱላ ነው፤ ዱላ ደግሞ ወለጋ ጫካ ውስጥ በነጻ ይገኛል።

ነጋዴዎቹም ይህን ያውቁ ነበር። ገጣሚው አርተር ራምቦ የመሣሪያ ነጋዴ ሆኖ ታጁራ በተቀመጠበት ጊዜ፣ በ1878 ዓ.ም. ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ የሚሸጠውን ዕቃ ሳይሸፋፍን ገልጾታል፦ ከ40 ዓመት በፊት ከጦር ሠራዊት የተወገዱ የካፕሱል ጠመንጃዎች፣ ሊዬዥ ከተማ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ዘንድ 7 ወይም 8 ፍራንክ የሚያወጡ፣ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ግን 40 ፍራንክ ገደማ የሚሸጡ። በእነዚህ ጠመንጃዎች ብዙ ሰው ይስቃል። እኔ ግን ገዢው ሞኝ ነበር ብዬ አላስብም። የካፕሱል ጠመንጃ ዘመናዊ ጥይት አይፈልግም፤ ልቅ ባሩድና የእርሳስ እንክብል ይበቃዋል። ከውጭ የግድ የሚመጣው ካፕሱሉ ብቻ ነው። ባሩድ ደግሞ በአገሩ ይሠራ ነበር፤ ከሰል፣ ዲንና ከአፈር ተጣርቶ የሚወጣ ጨው ነው። ምኒልክ ያን አሮጌ ብረት የገዙት ሊመግቡት ስለሚችሉ ይመስለኛል።

ወደ ውጅግራ ልመለስ፤ ነገሩ እውነተኛ ታሪክ የሚሆነው እዚህ ነውና። ፈረንሳይ ይህን ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1874 ለሠራዊቷ ሰጠች። አፈሙዙ 11 ሚሊሜትር፣ ጥይቱ 25 ግራም የሚመዝን ንጹሕ እርሳስ፣ ቀለሁ ወፍራም ናስ ነው፤ የሚተኮሰውም በጥቁር ባሩድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 ግን ፈረንሳዮች ጭስ የሌለው ባሩድ ፈልስፈው ሌበል የተባለውን 8 ሚሊሜትር ጠመንጃ ታጠቁ። ውጅግራው በአንድ ጀምበር አሮጌ ሆነ። በመጋዘን የቀረው ክምችት ገዢ ፈለገ፤ ገዢውም በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ተገኘ። ሊዮን ሸፍኖና ሌሎች ነጋዴዎች የሚያመጡት ዕቃ የሚረክሰው በዚህ ምክንያት ነው። አውሮፓ አንድ ጠመንጃ በለወጠ ቁጥር የእኛ ገበያ ይሞላል።

ርካሽነቱ ግን ግማሹ ምክንያት ብቻ ነው። ጥቁር ባሩድ ሲቃጠል ግፊቱ መለስተኛ ስለሆነ ናሱ ቶሎ አይሰነጠቅም። የተተኮሰው ቀለህ ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ አፉ ይስተካከላል፤ የተመታው ካፕሱል ተነቅሎ አዲስ ይገባበታል፤ አገር ውስጥ የተወቀጠ ባሩድ ይሞላበታል፤ ከላይ የቀለጠ እርሳስ በቅርጽ ፈስሶ ይደፈንበታል። እርግጥ እንደ ፋብሪካው አይሆንም። ጭሱ ይበዛል፣ አፈሙዙን ያቆሽሻል፣ ርቀቱም ያጥራል። አንዳንዱም ይከሽፋል። ቢሆንም ለአደን፣ ለዘብ፣ ለሠርግና ለለቅሶ ተኩስ፣ ለድንበር ጠብም ይበቃል። ያ ፋብሪካ በሺህ ኪሎሜትሮች ርቆ ሳለ አንጥረኛው ሰፈር ውስጥ አለ። በየዘመናችን ታሪክ እንዳደረግነው ሁሉ ያን አንጥረኛ በሙያው ስንንቀው፣ በጥይቱ ግን ስንኖር ነበር፤ ይህ ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ወለጋ በዚህ ንግድ ውስጥ የት ነበር? ከመንገዱ መጨረሻ። በግንቦት 1874 ዓ.ም. መጨረሻ ዛሬ ሆሮ ጉዱሩ በምንለው አገር፣ እምባቦ ላይ የሸዋው ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የተዋጉት ከዓባይ በስተደቡብ ላለው ሀብት ነበር፤ ለወርቁ፣ ለዝሆን ጥርሱ፣ ለቡናው። ውጊያውን የወሰነው ከነፍጥ ይልቅ የራስ ጎበና ፈረሰኛ ነው። ሸዋ ካሸነፈ በኋላ የሌቃ ነቀምቴው ሞሮዳ በከሬ ከራስ ጎበና ጋር ተስማምተው ገበሩ፤ ግዛታቸውንም ሳይነጠቁ ቀሩ። በጥቅምት 1881 ዓ.ም. ሁለቱ አብረው ከሱዳን የዘለቁትን መሐዲስቶች ጉቴ ዲሊ ላይ፣ ነጆ አካባቢ ደመሰሱ። ሞሮዳ በዚያው ዓመት ሲሞቱ ልጃቸው ኩምሳ ተተኩ፤ ክርስትና ተነሥተው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተባሉ። ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ነቀምቴ ላይ ቆሞ ይጎበኛል።

የነቀምቴ ቤተ መንግሥት የአማርኛ ደብዳቤዎች እድለኞች ናቸው፤ አልተቃጠሉም። አሌሳንድሮ ትሪዩልዚና ተሰማ ታአ አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አሳትመዋቸዋል። ያን መጽሐፍ ያገኘ ሰው ማዕከሉ ከነቀምቴ ምን ይፈልግ እንደነበር ይረዳል፤ ወርቅ። የነጆና የቤኒ ሻንጉል ወርቅ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል፤ መሣሪያ ደግሞ ከአዲስ አበባ ይወርዳል፤ የሚወርደውም በማዕከሉ ፈቃድና ልክ ነው። ከጅቡቲ አዲስ አበባ የነበረው የባቡር መንገድ 784 ኪሎሜትር ነበር፤ ያውም አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ነቀምቴ ለመድረስ በበቅሎ ሌላ ከ300 ኪሎሜትር በላይ ይቀራል። በየኬላው ቀረጥ፣ በየነጋዴው ትርፍ እየተጨመረ አንድ ጥይት ደምቢ ዶሎ ሲደርስ ዋጋው ወደብ ላይ ከነበረው ጋር አይተዋወቅም። ቡናውን በጋምቤላ በኩል ወደ ካርቱም የሚወስደው የባሮ ወንዝ መንገድ ቅርብ ነበር፤ እንግሊዞች ግን ያ በር የመሣሪያ መግቢያ እንዲሆን አልፈለጉም።

እንግዲህ ወለጋ ውስጥ ቀለህ የማይጣለው ለዚህ ነው። ጥይት በብዙ የምዕራብና የደቡብ ገበያዎች እንደ አሞሌ ጨው ዝርዝር ገንዘብ እስከመሆን ደርሶ ነበር። ማርትሬዛ ብር ለትንሽ ግዢ ይከብዳል፤ አሞሌ በዝናብ ይሟሟል፤ ጥይት ግን አይሟሟም፣ ይቆጠራል፣ ሁሉም ይፈልገዋል። ሰው ዝናሩን ታጥቆ ገበያ ሲወጣ ቦርሳውንም መታጠቁ ነበር ማለት ነው። እስቲ አስቡት፤ አንድ ሰው ጠላቱ ላይ በተኮሰ ቁጥር ገንዘቡን እየወረወረ ነው። ቀለሁን ለመልቀም ቢጎነበስ ይገርማል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ የወለጋ አንባቢ ይታዘበኛል። ጥይት ለሁሉም እኩል አልደረሰም። «ነፍጠኛ» የሚለው ቃል ከነፍጥ የመጣ ነው፤ ከነቀምቴ ውጭ ባሉ ብዙ ወረዳዎች ነፍጥ የያዘው ወታደር የሚኖረው በገባሩ ላብ ነበር። ገባሩ የሚከፍለው ማርና እህል፣ የሚያጥበው ወርቅ ተመልሶ ጥይት ይሆናል፤ ያ ጥይት ደግሞ በራሱ ላይ ሊዞር ይችላል። ስለዚህ «ርካሽ ጥይት» ስል ለማን የረከሰ እንደሆነ ሳልዘነጋ ነው። ለከፋዩ ገበሬ ርካሽ ጥይት የሚባል ነገር አልነበረም።

ጥይት መቆጠብ የድሃ ልማድ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ዓድዋን ይመልከት። ክሪስ ፕራውቲ ስለ እቴጌ ጣይቱና ስለ አፄ ምኒልክ በጻፈችው መጽሐፍ፣ ጄኔራል ባራቲዬሪ ወጪ ለመቀነስ ሲል አሮጌው ጥይት እስኪያልቅ ድረስ አዲሶቹን ጠመንጃዎች ለወታደሮቹ ሳያድል መቅረቱን ትነግረናለች። የኢጣሊያ ግምጃ ቤትም ልክ እንደ አካኮ «ያለው ይለቅ» ይል ነበር። ልዩነቱ አካኮ ያለውን መልሰው መሙላት መቻላቸው ነው።

ከዓድዋ በኋላ ግን ዓለሙ ተለወጠ። ጭስ የሌለው ባሩድ፣ ጠባብ አፈሙዝ፣ በመዳብ ቅይጥ ወይም በኒኬል የተለበጠ ጥይት መጣ። ምንሽሩ፣ ሌበሉ፣ ቤልጅጉ ሁሉ ከውጅግራ የበለጠ ይርቃሉ፣ የበለጠ ያነጣጥራሉ፣ ቦታህንም በጭስ አያሳብቁም። ማንም ጤነኛ ወታደር ይመርጣቸዋል። ነገር ግን ቀለሃቸውን በአገር ባሩድ ብትሞላው አይሠራም፤ ኃይል ያጣል፣ ጠባቡን አፈሙዝ በጥቀርሻ ይደፍናል። ልባጩን ጥይት ደግሞ የሰፈር አንጥረኛ በከሰል እሳት አይሠራውም። ጠመንጃው በተሻለ ቁጥር ባለቤቱ ለፋብሪካው ይበልጥ ተገዢ ሆነ። የታሪክ መጻሕፍታችን ይህን ጊዜ «የሠራዊት ዘመናዊነት» ብለው ያልፉታል። እኔ ደግሞ ጥይታችንን መሥራት ያቆምንበት ጊዜ እለዋለሁ። ፋብሪካ ሳይተከል ጠመንጃ መቀየር ማለት ጎተራውን ለሌላ ሰው ማስረከብ ነው።

ጎተራው የተቆለፈው ደግሞ በሕግ ነው። እ.ኤ.አ. የ1890ው የብራሰልስ ውል ወደ አፍሪካ የሚገባውን መሣሪያ ለመገደብ ተፈረመ። እ.ኤ.አ. በ1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ስለ እኛ የመሣሪያ ንግድ እርስ በርሳቸው ተስማሙ። በ1922 ዓ.ም. ሦስቱ ከኢትዮጵያ ጋር ራሷን ጨምረው ሌላ ውል ተፈራረሙ፤ በወረቀት ላይ ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የሚያስፈልገውን የመግዛት መብት የሚሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 የኢጣሊያ ጦር መርከቦች ምፅዋ ላይ ሲያራግፉ እንግሊዝና ፈረንሳይ «ለሁለቱም ወገን አንሸጥም» አሉ። ኢጣሊያ የራሷ ፋብሪካዎች ነበሯት። እገዳው በተግባር የተጣለው በአንዱ ላይ ነበር፤ በእኛ ላይ የተነሣውም ወረራው ከጀመረ በኋላ ነው። የሚገርመው ያኔ በኦስትሪያ ጉዳይ ከሙሶሊኒ ጋር የተቃቃረው ሂትለር 10,000 ማውዘርና 10 ሚሊዮን ጥይት ልኮልናል። ለአንድ ጠመንጃ 1,000 ጥይት ይደርሳል። ሻጩ ማን እንደሆነ ሲታይ ደስ የማይል ስሌት ነው፤ ግን ጥይትን ከጠመንጃ ጋር አብሮ የቆጠረ ሰው እንደነበረ ያሳያል።

ብዙው ባላገር ዘማች ግን የያዘው ያንኑ ውጅግራ ነበር። ከዚህ የመጣ አንድ መራራ ነገር አለ። ኢጣሊያ ለመንግሥታቱ ማኅበር «ኢትዮጵያውያን ዱምዱም ጥይት ይተኩሳሉ» ብላ ከሰሰች። እ.ኤ.አ. የ1899 የሄግ መግለጫ ሰውነት ውስጥ ገብቶ የሚስፋፋ ወይም የሚደፈጠጥ ጥይት ይከለክላል። ያልተለበጠ የእርሳስ ጥይት ደግሞ በተፈጥሮው ይደፈጠጣል፤ የ1874 ፈረንሳይም ያንኑ ነበር የምትተኩሰው። አውሮፓ ራሷ ያመረተችው፣ አሮጌ ብላ የሸጠችልን፣ እኛም መልሰን መላልሰን የሞላነው ጥይት የክስ ማስረጃ ሆነ። ከሳሹ በዚያው ሰሞን ከአውሮፕላን የሰናፍጭ ጋዝ ይረጭ ነበር።

ማይጨው መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተሸነፈ በኋላ የጦርነቱ መጨረሻ ወደ እኛው አገር መጣ። ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት ዕጩ መኮንኖችና የተማሩ ሰዎች ነቀምቴ ላይ ተሰባስበው የጥቁር አንበሳን ድርጅት መሠረቱ፤ መሪያቸው የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። በእነዚያው ቀናት የምዕራብ ኦሮሞ መሪዎች፣ የኩምሳን ልጅ ደጃዝማች ሀብተ ማርያምን ጨምሮ፣ ኅብረት መሥርተው አገራቸው በእንግሊዝ ሞግዚትነት እንድትያዝ ለመንግሥታቱ ማኅበር ጻፉ። ዛሬ አንዱን ወገን ብቻ መርጦ ጀግና፣ ሌላውን ከሃዲ ማድረግ ለፌስቡክ ይመቻል። ሁለቱም ግን አንድ ችግር ፊት ቆመው ነበር፤ መንግሥት የለም፣ ጥይት የሚያመጣ መንገድም የለም።

ኢጣሊያኖቹ በ3 አውሮፕላን ቦናያ ሜዳ ላይ አረፉ። ሰኔ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል ጥቁር አንበሶች ከበቡአቸው፤ ጄኔራል ማሊዮኮና ስመ ጥሩው አብራሪ ሎካቴሊ ከነባልደረቦቻቸው ተገደሉ፣ አውሮፕላኖቹም ተቃጠሉ። አባ ቦሬሎ የተባሉት ቄስ ተረፉ። ለዚያች ሌሊት የነበራቸው ጥይት በቂ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ከጎሬ ራስ እምሩ መጥተው ሲመሩአቸው፣ ወደ አዲስ አበባ የሚያደርስ ጦርነት ለመግጠም ዝናሩ አልተሞላም። ቤልጅግና ማውዘር የያዙት እነዚህ የሠለጠኑ ልጆች ቀለሃቸውን ለየትኛው አንጥረኛ ይውሰዱት? ክረምቱን እየተዋጉና እያፈገፈጉ ወደ ከፋ ወረዱ። ስንቅም ጥይትም ተመናምኖ፣ ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከበው እጅ ሰጡ። ራስ እምሩ ወደ ፖንዛ ደሴት ተጋዙ። ከልጆቹ ብዙዎቹ በየካቲቱ ፍጅት ጊዜ ተረሸኑ፤ የሐኪም ወርቅነህ ሁለት ልጆች፣ ቢንያምና ዮሴፍ፣ ከእነዚያ መካከል ናቸው።

ከዚያ በኋላ በየጫካው የቀጠለው አርበኛ መሣሪያውን የመረጠው በአዲስ መለኪያ ነው። የኢጣሊያን ምንሽር ያነሣው ጥይቱ ጠላት ዝናር ላይ ስለነበረ ነው። ፋብሪካው ሚላን ሆነ ሌላ ከተማ፣ አቅራቢው ራሱ ወራሪው ነበር።

ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሚሄድ ሰው አምቦን ሲያልፍ ሆሚቾ የጥይት ፋብሪካ ባለበት አገር ያልፋል። መንግሥት የራሱን ጥይት ይሠራል። የግለሰቡን ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይቆጣጠረዋል። ስለ ያለፉት ዓመታት የወለጋ ሁኔታ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ አልገባም፤ አንባቢዎቼ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። አንድ ነገር ግን ከአካኮ ቤት ይዤ ወጥቻለሁ። ሲሸኙኝ «የአሁኖቹን ቀለህ ልጆች ከየሜዳው እየለቀሙ ያመጣሉ» አሉኝ። ምን ያደርጉበታል ብዬ ጠየቅሁ። የናሱን ለፌሮ ነጋዴ በኪሎ ይሸጡታል፣ የብረቱን ግን የሚገዛ የለም አሉ። መርፌ ማስቀመጫዋን ተቀብለው ወደ ቁም ሳጥኑ መለሷት።